ኬ-40 ሌዘር መቁረጫ፦ ፋብሪካው ጀምሮት ወርክሾፑ የሚጨርሰው ማሽን

የሥዕል ተማሪ፣ የማስታወቂያ ጸሐፊ፣ እንጨት ቀራጭና የኢንጂነሪንግ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት የጋራ ወርክሾፕ በሐዋሳ ለመክፈት የሚያስብ ሰው የመጀመሪያ ገንዘቡን ሌዘር መቁረጫ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ስለ 3ዲ ፕሪንተር ብዙ ይወራል። ነገር ግን አንዲት የቁልፍ መያዣ ለማተም ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ማሽን ሃያ ተማሪ ፊት ሲቀርብ ክፍሉ ወዲያው እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ሌዘሩ ያንኑ የቁልፍ መያዣ ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ቆርጦ ይጥለዋል።

ለዚህ ሥራ አቅም የሚደርስበት ኬ-40 የሚባለው ነው። ኬ-40 የአንድ ድርጅት ስም አይደለም፤ በቻይና ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች እያመሳሰሉ የሚያወጡት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የላሜራ ሳጥን መጠሪያ ነው። ስለዚህ ሁለት ኬ-40 ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሽቦው አቀጣጠል፣ የፊት ሰሌዳው፣ አንዳንዴም ቦርዱ ይለያያል። ውጭ ገበያ ላይ ዋጋው በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ዶላር ነው፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ። በዚህ ዋጋ አክሪሊክም እንጨትም እንዲህ የሚቆርጥ ሌላ ማሽን ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ከካርቶኑ እንደወጣ ተማሪ ፊት ሊቀርብ አይገባም፤ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ሥራ ይቀረዋል።

ስለ ጉልበቱ እንነሣ። 40 ዋት ተብሎ ይሸጣል። ውስጡ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቱቦ ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን የሚያክል ቱቦ በሐቅ የሚሰጠው ከ30 እስከ 35 ዋት ነው። የሥራ ቦታው 300 በ200 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ኤ4 ወረቀት እንኳ በወርዱ በኩል በትንሹ ይተርፈዋል። የፊት ሰሌዳው የአምፒር መለኪያ እስከ 30 ሚሊ አምፒር ያሳያልና ብዙ ሰው መዞሪያውን እስከ ጥጉ ያዞረዋል። ከ15 በላይ የሚጨመረው ጉልበት ጥቂት ነው፤ የሚያልቀው የቱቦው ዕድሜ ነው። 18 ላይ በቀይ ማርከር መስመር አስምሩ፣ ለተማሪ 12 ይበቃዋል። ዲጂታል ሰሌዳ ያላቸው ሞዴሎች የሚያሳዩት መቶኛ ብቻ ነው፤ መቶኛ ስለ አምፒር ምንም አይናገርም። በእነሱ ላይ የአናሎግ ሚሊ አምፒር መለኪያ ይጨመር፤ የሚገባውም በቱቦው የመመለሻ ሽቦ ላይ እንጂ በወፍራሙ ቀይ የከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ላይ አይደለም።

ያ ቀይ ሽቦ ከ15,000 ቮልት በላይ ይሸከማል። ኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ያላገኘ ኬ-40 ሰው ይገድላል፤ ማጋነን የለውም። በብዙ የኪራይ ቤቶች ሶኬት ላይ በጎን የሚታየው የኧርዝ ብረት ጌጥ ነው፤ ከኋላው ሽቦ የለም። በቴስተር ለኩ፦ ከፌዙ (ኤሌክትሪኩ ከሚመጣበት ቀዳዳ) እስከ ኧርዙ ብረት ወደ 220 ቮልት፣ ከኒውትራሉ እስከ ኧርዙ ጥቂት ቮልት መሆን አለበት። ከፌዝ እስከ ኧርዝ ዜሮ ወይም መቶ ምናምን ካሳየ ኧርዝ የለም። ቀጥሎ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ በላሜራው አካልና በፍሹ የኧርዝ ብረት መካከል ኦሙን ለኩ፤ ከ1 ኦም በላይ ከሆነ ውስጥ ያለውን የኧርዝ ብሎን ፍቱት። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ብሎኑ የተጠበቀው በቀለም ላይ ነው። ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ፍቃችሁ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አድርጋችሁ መልሱ። ቤቱ ጨርሶ ኧርዝ ከሌለው ኤሌክትሪሻን የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ በመሣሪያ ይለካው፤ የቧንቧ ብረት ላይ መጠምጠም መፍትሔ አይደለም።

ሌላው ጉድለት ክዳኑ ነው። ብዙዎቹ ኬ-40ዎች ክዳናቸው ተከፍቶም ይተኩሳሉ። ጨረሩ 10.6 ማይክሮ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ዓይን ላይ ካረፈ ግን ኮርኒያውን ያቃጥላል። ሁለት ማይክሮ ስዊች ክዳኑ ላይ፣ አንድ የውሃ ፍሰት ስዊች የመመለሻ ቱቦው ላይ አድርጋችሁ ሦስቱንም በተከታታይ ከፓወር ሰፕላዩ የሌዘር መፍቀጃ ተርሚናል ጋር አገናኙ። በብዙዎቹ ላይ ፒ እና ጂ የሚል ተጽፎበታል፤ ፋብሪካው በአጭር ሽቦ አገናኝቶት ይመጣል፣ እሷን አውጥታችሁ ስዊቾቹን ማስገባት ነው። ክዳን ሲከፈት ወይም ውሃ ሲቆም ሌዘሩ ይጠፋል። የጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሌንስ አይበልጥም፣ ፋብሪካው ለምን እንዳላደረገው ግን እግዜር ይወቀው።

ወደ ውሃው እንምጣ፤ ሐዋሳ ላይ ይህ ማሽን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ትንሽ የአኳሪየም ፓምፕ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ውሃውን በቱቦው ዙሪያ ያዞረዋል። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ አታስገቡ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ማዕድን ይበዛዋል፤ ማዕድኑ ከመስታወቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይጋገራል፣ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ ከፍተኛው ቮልቴጅ በውሃው በኩል ያፈተልካል። የዚህ ምልክቱ ባልዲው ውስጥ ጣት ሲነከር ውርር ማድረጉ ነው። ነዳጅ ማደያና ጋራዥ የሚሸጠውን የተጣራ የባትሪ ውሃ 20 ሊትር ግዙ፤ «የባትሪ ውሃ» ስትሉ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ መለያውን አንብቡ። ባልዲው ይከደን፣ ብርሃን የገባው ውሃ በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ያበቅላል።

የሙቀት ስሌቱ ቀላል ነው። ቱቦው ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው፣ ያለማቋረጥ ከቆረጠ 20 ሊትር ውሃን በሰዓት 10 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ውሃው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ጥሩ ነው፤ 25 ሲደርስ ሥራ ይቁም። በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ የሐዋሳ አየር ራሱ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ ራዲያተርና ማራገቢያ ብቻ ያላቸው ርካሽ ማቀዝቀዣዎች ከአየሩ በታች ሊያወርዱት አይችሉም። ርካሹ መላ ሃይላንድ ነው፦ ባለ 1 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ፤ አንዱ የረጋ ጠርሙስ ሙሉ ለሙሉ ሲቀልጥ 20 ሊትሩን ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ያወርደዋል። ስድስት ጠርሙስ በተራ ከተለዋወጠ ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ይይዛል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ እርጥብ ሆኖ ውሃው እጅግ ከቀዘቀዘ ቱቦው ላይ ጤዛ ያዝላል፣ በጤዛው በኩልም ከፍተኛው ቮልቴጅ ይዘላል። ከ15 ዲግሪ በታች አታውርዱት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፓምፑ ከተነሣ በኋላ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካያችሁ ማሽኑን በአንድ ጎኑ ወደ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ አረፋው እስኪወጣ ጠብቁ። አረፋ የቆመበት ቦታ ሳይቀዘቅዝ ይቀርና መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ጭሱን በተመለከተ፣ ከኋላ የሚንጠለጠለው የፕላስቲክ ማራገቢያ ለአንድ ሰው መጫወቻ ይሆናል እንጂ ለክፍል አይበቃም። ባለ 150 ሚሊ ሜትር የቧንቧ ውስጥ ማራገቢያ፣ ከ3 ሜትር ያልበለጠ መታጠፍ ያልበዛበት ቱቦ፣ መውጫውም ወደ ሐይቁ ያልዞረ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሣ ጭሱን መልሶ ይነፋዋል። ማሽኑ ውስጥ ወደ መቁረጫው ቦታ ገባ ብሎ የሚታየውን የጭስ መምጠጫ ላሜራ አውጡት ወይም አሳጥሩት፤ ከሚቆረጠው ሉሕ ጋር ቦታ ይሻማል። የተሰጠውን ትንሽ መቆንጠጫ አልጋም አውጥታችሁ ጣሉት፤ በምትኩ የብረት ወንፊት ወይም ምስማር የተተከለበት ጣውላ ይሁን። ከሌንሱ አጠገብ የሚነፍስ አየር ከትንሽ ኮምፕረሰር ካልመጣ ኮምፔርሳቶው ነበልባል ያነሣል፣ ሌንሱም በጥላሸት ይጋረዳል።

ቆርጦ አልጨርስ ያለ ማሽን በአብዛኛው ቱቦው አልሞተም፤ ጨረሩን ከቱቦው ተቀብለው በተራ ወደ ሌንሱ የሚያሻግሩት ሦስቱ መስታወቶች ተዛንፈዋል ወይም ሌንሱ ተገልብጧል። የሌንሱ ጎበጥ ያለው ገጽ ወደ ላይ ነው። ለማስተካከል ማስኪንግ ቴፕ መስታወቶቹ ፊት ለጥፋችሁ፣ ጉልበቱን እስከ 4 ሚሊ አምፒር ዝቅ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ አንድ ምት ተኩሱ። መጀመሪያ ሁለተኛው መስታወት ላይ፣ አንዴ ቅርብ ሳለ አንዴ ደግሞ ሩቅ ሳለ፤ ሁለቱ ጠባሳ አንድ ቦታ እስኪያርፉ የአንደኛውን መስታወት ብሎኖች በሩብ ዙር እያዞራችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ፣ አራቱም ጥግ እየተወሰደ፤ እዚህ የሚዞረው የሁለተኛው መስታወት ብሎን ነው። ችኩል ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይነካና ቀኑን ሙሉ ይባክናል። ትኩረቱ ከሌንሱ 50.8 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ አንድ ቁራጭ ጣውላ አጋድማችሁ ቀጭን መስመር አስምሩበት፣ መስመሩ ከሁሉ የጠበበበት ከፍታ ትክክለኛው ነው። ማጽጃው ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮልና ጥጥ ይሁን። ከኮሮና ዘመን የተረፈ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ግሊሰሪን ስላለበት ሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ እሱው ይቃጠላል።

ሶፍትዌሩ ላይ ማሽኑ ይካሳል። ኤም2 ናኖ የሚባለው መቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይትበርን የተባለውን የሌዘር ፕሮግራም አይቀበልም፤ ነገር ግን ኬ40 ዊስፐረር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኢንክስኬፕ ከተባለው የመሳያ ፕሮግራም የወጣ ኤስቪጂ ፋይል ይወስዳል፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ቀዩ መስመር ይቆረጣል፣ ሰማያዊው በስሱ ይጫራል፣ ጥቁሩ እንደ ሥዕል ይሞላል። ቀይ ማለት ንጹሕ ቀይ ነው፤ 255፣ 0፣ 0። ትንሽ ወደ ብርቱካን ያደላ ቀይ እንደ ሥዕል ይቆጠርና «ማሽኑ አልቆረጠልኝም» የሚል ተማሪ ይፈጥራል። የቦርዱ ዓይነት በማስተካከያው ውስጥ በትክክል ካልተመረጠ ልኩ ይዛባል። ከ0.92 በፊት በነበረ ኢንክስኬፕ የተሠራ አሮጌ ፋይልም በአዲሱ ሲከፈት በ6 ከመቶ ገደማ ሊያንስ ይችላል፤ ኢንቹን በ90 ነጥብ ይከፍል የነበረው በ96 ስለተተካ ነው።

የግዕዝ ፊደል ሲመጣ ሁለት ነገር አለ። መጀመሪያ፣ ተማሪው ቤቱ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ የጻፈው ጽሑፍ ፎንቱ በሌለው የወርክሾፕ ኮምፒውተር ላይ ሌላ መልክ ይዞ ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይከፈታል። ከመምጣቱ በፊት ጽሑፉን መርጦ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ይጫን፤ ፊደሉ ወደ ፓዝ፣ ማለትም ወደ ተሳለ መስመር፣ ይለወጣል። ያልተለወጠ ጽሑፍ መቁረጫ መስመር ሆኖ አይቆጠርም። ሁለተኛው የስቴንስል (በተቆረጠው ፊደል ቀዳዳ ቀለም የሚቀባበት ሉሕ) ነገር ነው፣ የላቲን ፊደል የለመደ መመሪያ የማይነግራችሁ። መ እና ወ ሁለት ሁለት ዓይን (ዙሪያው የተዘጋ ባዶ ቦታ) አላቸው፤ ዐ ክብ ነው፤ ፀ ሁለት ግማሽ ክብ ነው፤ ቀ አናቱ ላይ ቀለበት ይሸከማል። ከኃምሶቹ እንደ ሌ፣ ቤ፣ ሜ ያሉት ከእግራቸው ቀለበት አላቸው። ሲቆረጥ እነዚህ ዓይኖች ወድቀው ይቀሩና ሲቀባ ድፍን ጥቁር ይሆናል። «ሲዳማ ቡና» ላይ የሚያስቸግረው ማ ብቻ ነው፣ «ሐዋሳ» ላይ ዋ፣ «ቀበሌ» ላይ ግን ከሦስቱ ሁለቱ። ለእያንዳንዱ ዓይን ቢያንስ አንድ፣ ለትልቁ ሁለት ድልድይ፣ ዓይኑን ከሉሑ ጋር የሚያያይዝ ያልተቆረጠ ክር፣ ተዉለት። ለ60 ኪሎ የቡና ጆንያ የሚሆን ስቴንስል ከሆነ ድልድዩ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ብሩሽ ሲመታው ከዚያ የቀጠነው ይታጠፋል። ድልድዩን ከፊደሉ ቀጭን ክፍል ላይ ማሳለፍ ነው፤ በወፍራሙ በኩል ካለፈ ዓይንን ይቆረቁራል።

ልክ ላይ ደግሞ፦ ጨረሩ ራሱ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ይበላል፣ 3 ሚሊ ተብሎ የተሸጠው ኮምፔርሳቶም በካሊፐር ሲለካ 2.7 ሊሆን ይችላል። ተሰካክቶ የሚቆም ሳጥን ከመሳሉ በፊት ከ2.4 እስከ 3.0 በ0.1 ልዩነት የተቆረጠ የማበጠሪያ ናሙና ይሠራ፤ ሳይላላ ሳያስጨንቅ የገባው ጥርስ የዚያ ሉሕ ልክ ነው። ሌላ ሉሕ ሲገዛ ሌላ ናሙና።

ለመነሻ የሚሆን ቁጥር፦ 3 ሚሊ ኮምፔርሳቶ በ12 ሚሊ አምፒር፣ በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር፤ 3 ሚሊ አክሪሊክ በዚያው ጉልበት ከ5 እስከ 8። አንዳንዱ ኮምፔርሳቶ ለውጭ ሥራ በሚሆን ጥቁር ሙጫ ስለሚጣበቅ ሦስቴ ቢመላለሱበትም አይበጠስም፤ ሙሉ ሉሕ ከመግዛት በፊት ቁራጭ ለምኑ። ገጹን በማስኪንግ ቴፕ መሸፈን የጭስ ቡናማውን ያስቀራል። ቀርከሃ፣ ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው፣ ቆንጆ ይጫርበታል። ቅል ላይ ግን ከጉብታው የተነሣ ትኩረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ሲርቅ መስመሩ ይደበዝዛል፤ ሥዕሉን ጠባብ አድርጉት።

ፈጽሞ የማይገባው ፒቪሲ ነው። ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ የማሽኑን ሐዲድና ብሎን በሳምንት ያዝገዋል። ችግሩ በመልኩ አለመለየቱ ነው፤ ከማስታወቂያ ቤት የሚተርፈው ነጭ የፎም ሰሌዳ፣ ከማተሚያ ቤት የሚገኘው ግልጽ የባይንዲንግ ሽፋን፣ የሶፋ አርቲፊሻል ቆዳ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ናቸው። ከበር ላይ መፈተን ይቻላል፦ የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ አግላችሁ ፕላስቲኩን አስነኩት፣ መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ አስገቡት፤ ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፣ ይመለስ። ደጅ፣ ነፋስ ያለበት ይሁን። እውነተኛ ቆዳም ቢሆን በክሮም የለፋ ከሆነ መቁረጡ አይመከርም፤ ጭሱና አመዱ መርዛማ ክሮሚየም ሊይዝ ይችላል። ጠርዙን በምላጭ ስትቆርጡት ልቡ ሰማያዊ ግራጫ ካለው ክሮም ነው። በዕፅዋት የለፋው ችግር የለበትም፣ ከሽታው በቀር።

ክፍለ ጊዜ ሲታቀድ ሥዕል የመሙላት ሥራን ማሳነስ ነው። 95 በ60 ሚሊ ሜትር ሥዕል በ0.1 ሚሊ ሜትር ርቀት 600 መስመር ነው፤ መመላለሻው ተጨምሮ ለአንዱ መስመር ሰባት ዐሥረኛ ሰከንድ ቢፈጅ 7 ደቂቃ ይሆናል። ያንኑ ሥዕል በሰማያዊ መስመር ብቻ የነደፈ ተማሪ በአንድ ተኩል ደቂቃ ይጨርሳል። ለእያንዳንዱ 95 በ60 ቦታ ከተሰጠ አንድ 300 በ200 ሉሕ ዘጠኝ ሰው ይይዛል፣ ሦስት ሉሕ ለሃያ ሰው ይተርፋል። የጥሩ ሥዕል ተማሪዎች በመስመር ማሰብ ሲገደዱ የሚያመጡት ሥራ ከፎቶ ከተገለበጠው ይልቅ ያምራል፣ ይህ ደግሞ ያልታሰበ ትርፍ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል፣ ከቆመበትም አይቀጥልም። ሲመለስ ማሽኑ ወደ ግራ የላይኛው ጥግ ተመልሶ ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ ሉሑ በሁለት ጎን በተተከለ ማቆሚያ ላይ ተደግፎ ከተቀመጠና ማንም ካልነካው፣ የተቆረጠውን ከፋይሉ ሰርዞ የቀረውን ከዚያው ጥግ ማስጀመር ይቻላል። መብራት እንደጠፋ የማሽኑ ማብሪያ ይዘጋ፤ ሲመለስ መጀመሪያ ፓምፑ፣ ውሃው ሲዞር ከታየ በኋላ ሌዘሩ። አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ለኮምፒውተሩና ለፓምፑ ካለ ይበቃል። ማሽኑ ሲሠራ ሰው ከአጠገቡ አይለይ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ይኑር፣ የዱቄቱ ዓይነት እሳቱን ያጠፋል፣ ሌንስና ሐዲዱን ግን አብሮ ይቀብራል።

ከኬ-40 የሚረክሰው ክፍት ፍሬም ያለው የዳዮድ ሌዘር ነው። ውሃ አይፈልግም፣ ሰፋ ያለ ቦታም አለው፤ ነገር ግን ሰማያዊ ብርሃኑ በግልጽ አክሪሊክ ውስጥ እንደ መስኮት ያልፋል፣ ሽፋን ሳይኖረውም ልጆች መሃል ማስቀመጥ ድፍረት ነው። አቅም ያለው ደግሞ ባለ 60 ዋት፣ ሩይዳ የተባለ መቆጣጠሪያ ቦርድ ያለውን ከኮምፕረሰር ማቀዝቀዣ ጋር ቢገዛ ከላይ ከተዘረዘረው ጣጣ ግማሹን ይድናል።

ሲታዘዝ አብረው ይታዘዙ፦ አንድ ተጨማሪ ሌንስ፣ ሦስት መስታወት፣ አንድ የጥርስ ቀበቶ። ቱቦ ግን አስቀድሞ ገዝቶ መደርደር ኪሳራ ነው፤ ሳይሠራም ጋዙ ቀስ በቀስ ይዳከማል። የመጣው ማሽን ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ያመጣው ሰው ሳይሄድ፣ የኋላው ክዳን ተከፍቶ ቱቦው በእጅ ባትሪ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታይ። በውስጡ ያለው ጠምዛዛ መስታወት ከተሰበረ ወይም ውሃ ሲሞላ ከመንገዱ አልፎ ወደ ጋዙ ክፍል ከገባ ቱቦው በመንገድ ላይ አልቋል፤ ፎቶ ተነሥቶ እዚያው ይመለስ።